ሃምሳ ምክር ቤቶች በኮንግረስ ደጅ

የሚነጋገሩት ዋሽንግተን ዙሪያ ለረጅም ዘመን ታክሲ የነዱ አጎትና የእህታቸው ልጅ ናቸው። እሷ አናፖሊስ በሚገኘው የሜሪላንድ ምክር ቤት የአንድ ተወካይ ረዳት ሆና ትሠራለች። ቀኑ፣ ወሩና ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

እሳቸው፦ ሰሜን ካፒቶል ጎዳና ላይ፣ ከዩኒየን ስቴሽን አጠገብ፣ የግዛቶች አዳራሽ የሚባል ሕንፃ አለ። በታክሲ ዘመኔ እዚያ ያወረድኩት ሰው ብዛቱ! ከኔብራስካ የመጣ፣ ከአይዳሆ የመጣ፣ ክራቫቱን የኋላ ወንበር ላይ ሆኖ የሚያስር። ሥራው ምን እንደሆነ ስጠይቀው የግዛቱ ምክር ቤት አባል ነኝ ይለኛል። ምን አመጣህ ስለው፣ ኮንግረስን ላነጋግር። ይሄ ነገር ሁልጊዜ ግር ይለኛል። እያንዳንዱ ግዛት ሁለት ሴናተር አለው፤ በተወካዮች ምክር ቤትም እንደ ሕዝቡ ብዛት ወንበር አለው። ወንበር ያለው ሰው ምን ሆኖ ደጅ ይጠናል?

እሷ፦ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሌላ ሰው ነዋ፣ ጋሼ። ሴናተሩን የሚመርጠው የሜሪላንድ ሕዝብ ነው፤ የሜሪላንድ ምክር ቤት አይደለም። ሴናተሩ ሕግ አስወጥቶ ምስጋናውን ሊቀበል ይችላል። ሕጉን ሥራ ላይ የሚያውለው፣ ሠራተኛ የሚቀጥረው፣ ኮምፒውተር የሚገዛው፣ መስኮት ከፍቶ ሰው የሚያስተናግደው ግን ግዛቱ ነው። እኛ ደግሞ ገቢና ወጪ ሳይመጣጠን በጀት እንዳናጸድቅ የግዛታችን ሕገ መንግሥት ያስረናል። ዋሽንግተን ሲያንሰው ይበደራል። እኛ ሲያንሰን ወይ ታክስ እንጨምራለን፣ ወይ ከትምህርት ቤትና ከሆስፒታል እንቀንሳለን።

እሳቸው፦ ነገሩ የገንዘብ ነው በይኛ።

እሷ፦ አብዛኛው። ከግዛቶች ገቢ ሲሶ ያህሉ ከፌደራል መንግሥት የሚመጣ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ትልቁ ሜዲኬይድ፣ የድሆች የሕክምና መድን፣ ነው። ለመደበኛው ሜዲኬይድ ፌደራሉ ለሜሪላንድ ግማሹን ይከፍላል፤ ለሚሲሲፒ፣ የነዋሪዎቿ ገቢ ዝቅተኛ ስለሆነ፣ 77 ከመቶ ገደማ። ይህ ቀመር በአንድ ነጥብ ዝቅ ቢል አናፖሊስ ውስጥ የበጀት ሰዎች እንቅልፍ አይኖራቸውም።

እሳቸው፦ ድሮ እንዲህ አልነበረም እኮ። ሴናተሩን የሚመርጠው ራሱ የግዛቱ ምክር ቤት ነበር። ያኔ ልመና የለም፤ ትእዛዝ ነበር የሚልኩለት። ጆን ታይለር፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው፣ የቨርጂኒያ ሴናተር ሳለ ምክር ቤቱ በፕሬዚዳንት ጃክሰን ላይ የተላለፈውን ወቀሳ ከመዝገብ እንዲያስፍቅ አዘዘው። ትእዛዙን ከሚፈጽም በ1836 ወንበሩን ለቀቀ። ከእሱ በፊትም ጆን ክዊንሲ አዳምስ አለ። የማሳቹሴትስ ምክር ቤት በአቋሙ ተቆጥቶ ጊዜው ሳይደርስ ተተኪውን ስለመረጠበት በ1808 ወጣ።

እሷ፦ ያ ዘመን ይመለስ ነው የሚሉት?

እሳቸው፦ ለምን አይመለስም? በእኛ አገር፣ በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የክልል ምክር ቤቶች መምረጥ ይችላሉ። ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ በምን ቀመር እንደሚከፋፈል የሚወስነውም ያው ምክር ቤት ነው። በወረቀት ደረጃ እንኳ ክልሉ መልእክተኛውን ራሱ ይልካል። እዚህ ግን ገመዱ ተበጠሰ።

እሷ፦ የበጠሱት ራሳቸው የግዛት ምክር ቤቶቹ ናቸው። እርስዎ የሚያደንቁት አሠራር በተግባር ምን ይመስል እንደነበር ልንገርዎት። ምክር ቤቱ መስማማት ሲያቅተው ወንበሩ ባዶውን ይቀራል። ደላዌር ከ1901 እስከ 1903 አንድም ሴናተር አልነበራትም። የሞንታናው የመዳብ ከበርቴ ዊልያም ክላርክ የምክር ቤት አባላትን በገንዘብ ገዝቶ ተመረጠ ተብሎ የሴኔት ኮሚቴ ሲመረምረው በ1900 ለቀቀ። ሕዝቡ በዚህ ተንገሸገሸ። ሴኔቱ ግን ራሱን የሚነካ ማሻሻያ አላሳልፍም ብሎ ዓመታት ተቀመጠ። ያን ጊዜ ነው ምክር ቤቶቹ ሕገ መንግሥቱ የሰጣቸውን ሌላ ሥልጣን የመዘዙት። ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑ ግዛቶች ከጠየቁ ኮንግረስ የሕገ መንግሥት ጉባኤ የመጥራት ግዴታ አለበት። ጥያቄው እየተጠራቀመ ቁጥሩ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ሴኔቱ ደነገጠ። ማሻሻያውን በ1912 ኮንግረስ አሳለፈው፤ በሚያዝያ 1913 ግዛቶች አጸደቁት። 17ኛው ማሻሻያ ይኸው ነው።

እሳቸው፦ ቆይ፣ ቆይ። ዋሽንግተንን አስፈራርተው ያገኙት ድል የራሳቸውን ሥልጣን የሚቀንስ ነበር ማለት ነው?

እሷ፦ አዎ፣ እና እኔ ትልቅነት ነው የምለው። ሥልጣኑ እጃቸው ላይ እየበሰበሰ መሆኑን አይተው ለሕዝቡ ሰጡት። የጉባኤ ጥሪው ግን አሁንም ያስፈራል። 34 ግዛቶች ከሞሉ በር ይከፈታል፤ ከበሩ ወዲያ ምን እንደሚመጣ እርግጠኛ የሆነ የሕግ ሰው አላጋጠመኝም። የበጀት ማመጣጠን ጥሪው በ1980ዎቹ 32 ደርሶ ነበር። የእኛ ምክር ቤት በበኩሉ ቀደም ባሉት ዘመናት ያሳለፋቸውን ጥሪዎች በ2017 ሰርዟል።

እሳቸው፦ እሺ፣ ሴናተሩን ማዘዝ ቀረ። ጉባኤውም ያስፈራል። ታዲያ እነዚያ አወርዳቸው የነበሩ ሰዎች በቦርሳቸው ምን ይዘው ነው የሚሄዱት?

እሷ፦ ብዙ ጊዜ ወረቀት። የጋራ ውሳኔ እንለዋለን። አንዱን በቅርብ አይተውት ከሆነ አጻጻፉ ከጥንት ጀምሮ አንድ ዓይነት ነው። አንቀጽ በአንቀጽ «…በመሆኑ፣ …በመሆኑ፣ …በመሆኑ» እያለ ምክንያቱን ይደረድራል፤ መጨረሻ ላይ «ስለዚህ የሜሪላንድ ጠቅላላ ጉባኤ ኮንግረስን ያሳስባል» ይላል። ታች ደግሞ ግልባጭ የሚላክላቸው ይዘረዘራሉ፤ ፕሬዚዳንቱ፣ የሁለቱ ምክር ቤቶች መሪዎች፣ ከዚያ የእኛ ሴናተሮችና ተወካዮች አንድ በአንድ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳረቅቅ አንዲት ቃል አላምር ብላኝ አምሽቻለሁ። ሴኔት ሲደርስ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ለሚመለከተው ኮሚቴ ይመራል፣ በኮንግረስ መዝገብ ላይ በደቃቅ ፊደል ይታተማል።

እሳቸው፦ ከዚያስ?

እሷ፦ ከዚያ መልስ የመስጠት ግዴታ ያለበት ማንም የለም።

እሳቸው፦ ታዲያ ስለምን ታመሻለሽ?

እሷ፦ ወረቀቱ ለሚናገረው ሰው ምላስ ስለሚሆነው። የእኛ ተወካይ ሴናተሩ ቢሮ ሲገባ «እኔ እንዲህ ይመስለኛል» እና «ምክር ቤቱ ድምፅ ሰጥቶበታል» እኩል አይደሉም። ደግሞም ብቻችንን አንሄድም። የግዛት ምክር ቤቶች ብሔራዊ ጉባኤ የሚባል ማኅበር አለ፤ በ1975 የተቋቋመ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዴንቨር፣ የዋሽንግተን ቢሮው ያ እርስዎ ሰው ያወርዱበት የነበረ ሕንፃ ውስጥ። በሃምሳው ግዛት ያሉት የምክር ቤት አባላት ከ7,300 በላይ ናቸው፤ ማኅበሩ የእነዚህ ሁሉ ነው። በማኅበሩ ስም አቋም ለመያዝ ድምፅ ከሰጡት ግዛቶች ሦስት አራተኛው መስማማት አለባቸው። ስለዚህ ቴክሳስና ካሊፎርኒያ የሚጣሉበት ነገር ላይ ዝም ይላል። የሚናገረው ሁሉም የሚያማቸው ነገር ሲገኝ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ኮንግረስ ጆሮውን ያዘነብላል።

እሳቸው፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ነው።

እሷ፦ ነው። ግን መስማማት ብቻውንም አይበቃም። ኮንግረስ በእርግጥ የሚደነግጠው ሥራውን የሚሠራው እጅ «ይህን ያህል ያስወጣኛል» ወይም «አልሠራም» ሲል ነው። የመንጃ ፈቃዱን ነገር ያስታውሱ የለ?

እሳቸው፦ እንዴት እረሳዋለሁ! ያቺን መንጃ ፈቃዱ ማዕዘን ላይ ያለች የሪል አይዲ ኮከብ ለማግኘት ያየሁትን። አንድ ቢሮ ሦስት ጊዜ መልሶኛል። ፓስፖርቴ ላይ የእኔም፣ የአባቴም፣ የአያቴም ስም አለ፤ የድሮው የሶሻል ሴኩሪቲ ካርዴ ላይ ሁለት ስም ብቻ። ልጅቷ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ «አንድ ሰው መሆንዎን በምን አውቃለሁ?» አለችኝ። አልፈረድኩባትም። እሷ ደንቡን አልጻፈችም።

እሷ፦ ደንቡን የጻፉት እሷም፣ አለቃዋም፣ ግዛቱም አይደሉም። ነገሩ እንዲህ ነው። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ በ2004 የወጣው ሕግ የመንጃ ፈቃድ መስፈርት ይውጣ ሲል፣ ግዛቶች ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠው አብረው እንዲያወጡት አድርጎ ነበር። የማኅበራችን ሰውም ኮሚቴው ውስጥ ነበረ። ሥራው ተጀመረ። በ2005 ግን ሪል አይዲ የሚባለው ሕግ ለኢራቅና ለአፍጋኒስታን ጦርነት ከተጠየቀ አስቸኳይ በጀት ጋር ተጣብቆ መጣ። የጦር በጀት እምቢ የሚል ማን አለ? ሴኔቱ ራሱን ችሎ ሳይወያይበት 100 ለ 0 አሳለፈው። ያ ጠረጴዛ ፈረሰ። ግዛቶች ከአስተያየት ሰጪነት ወደ ታዛዥነት ወረዱ።

እሳቸው፦ 100 ለ 0! የሃምሳውም ግዛት ሴናተር ማለት እኮ ነው። መጀመሪያ ለጠየቅኩሽ መልሱ ይሄ ነበር።

እሷ፦ ለዚህ ነው ያነሳሁት። አሁን ምክር ቤቶቹ ምን እንዳደረጉ ይዩ። መጀመሪያ ሒሳብ ሠሩ። ማኅበራችን፣ የገዥዎቹ ማኅበርና የመንጃ ፈቃድ ሰጪዎቹ ማኅበር በ2006 መስከረም ላይ ሆነው በአምስት ዓመት ከ11 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያስወጣ አሳዩ። ሁሉም ሰው እንደገና በአካል መቅረብ አለበት፣ እያንዳንዱ ሰነድ ከምንጩ መጣራት አለበት፣ ያ ሁሉ ኮምፒውተር እርስ በርሱ መነጋገር አለበት። ከዚያ በጥር 2007 የሜይን ምክር ቤት ተነሣ። ሴኔቱ 34 ለ 0፣ የተወካዮቹ ቤት 137 ለ 4፣ «ይህን ሕግ አንፈጽምም፣ ኮንግረስ ይሻረው» የሚል ውሳኔ አሳለፉ። ዴሞክራቱም ሪፐብሊካኑም አንድ ላይ። ሞንታና በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ እምቢታውን በሕግ አጸናች። ከ20 በላይ ግዛቶች ተከተሉ። በግንቦት 2008 ይጀመራል የተባለው ሕግ ሲገፋ፣ ሲገፋ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ መጠየቅ የጀመረው በግንቦት 2025 ነው።

እሳቸው፦ መጨረሻ ላይ ግን ተጀመረ።

እሷ፦ ተጀመረ፤ አሸነፍን ብዬ አላሞኝዎትም። ግን በመሐል መስፈርቱ ቀለለ፤ የግዛቶቹን ወጪ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ራሱ ቀንሶ በ2008 ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር አወረደው። ይህን ያመጣው የሜይን ምክር ቤት ወረቀት ውበት አይደለም። የአሜሪካን መንጃ ፈቃድ የሚያትመው ግዛት ነው፤ ፌደራሉ የራሱ መስኮት የለውም። እጁ የእኛ ነው።

እሳቸው፦ አሁን አንድ ነገር ልንገርሽ፣ አትቀየሚኝ። እኔ ቨርጂኒያ ስመጣ አብሮኝ ይነዳ የነበረ ጥቁር አሜሪካዊ ሽማግሌ ነበር፤ ነፍሱን ይማር። ያደገው ፕሪንስ ኤድዋርድ ካውንቲ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1954 ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው ይማሩ ሲል፣ የቨርጂኒያ ምክር ቤት በ1956 ውሳኔውን አንቀበልም የሚል ወረቀት አወጣ። ያቺው «በመሆኑ፣ በመሆኑ» የምትይው ዓይነት። ከዚያ ያ ካውንቲ ጥቁርና ነጭ አብረው ከሚማሩ ብሎ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹን ከ1959 እስከ 1964 ዘጋ። የነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው። እሱ ከፊደል ተለይቶ ትንባሆ እርሻ ላይ አደገ። እድሜውን ሙሉ የመንገድ ስም ለማንበብ ሲቸገር አይቼዋለሁ። ለዚያ ሰው «ግዛቱ ለዋሽንግተን እምቢ አለ» ማለት ምን ማለት ነው?

እሷ፦ እውነት ነው። ይህን የማያነሳ ሰው ስለ ግዛት መብት ባይናገር ይሻላል። እኔ የምለየው እንዲህ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1997 በአንድ የጦር መሣሪያ ሕግ ጉዳይ ላይ የፌደራል መንግሥት የአንድን ካውንቲ ሸሪፍ «የእኔን ሥራ ሥራልኝ» ብሎ ማዘዝ አይችልም ብሏል። በ2018 ደግሞ ኒው ጀርሲ በስፖርት ውርርድ ጉዳይ ይህንኑ ይዛ ረታች። ፌደራሉ ሥራውን በራሱ ሰው መሥራት ይችላል፤ እኛን አገልጋይ ማድረግ ግን አይችልም። የቨርጂኒያው ሌላ ነው። እዚያ የቀረበው ጥያቄ «የራስህን ዜጋ መብት አትርገጥ» ነበር። ለዚያ እምቢ የማለት መብት ለማንም ግዛት አልተሰጠም።

እሳቸው፦ መስመሩ ወረቀት ላይ ጥርት ያለ ነው። ሜዳ ላይ ግን ሁሉም የራሱን እምቢታ የመጀመሪያው ዓይነት ነው ይላል።

እሷ፦ ይላል። ለዚህ ነው ዳኛ የሚያስፈልገው፤ ለዚህም ነው ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ከእምቢታ የበለጠ ጨዋ መንገድ የሚመስለኝ። አንድ ምሳሌ ልስጥዎት፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው የሀበሻ ዕቃ መደብር ጀበና ሲገዙ 6 ከመቶ የሽያጭ ታክስ ይከፍላሉ አይደል?

እሳቸው፦ እንዴታ።

እሷ፦ ያንኑ ጀበና በኢንተርኔት ሌላ ግዛት ካለ ሻጭ ሲያዙ ለረጅም ዘመን ታክሱን የሚሰበስብ አልነበረም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1992 ሻጩ በግዛቱ ውስጥ ሱቅ ወይም መጋዘን ከሌለው ታክስ ሰብስብ ብላችሁ አታስገድዱትም ብሎ ነበር፤ ኮንግረስ ከፈለገ ግን ሊለውጠው ይችላል አለ። ያኔ ነገሩ የካታሎግ ንግድ ነበር። ኢንተርኔት ሲመጣ የግዛቶች ካዝና መፍሰስ ጀመረ፤ የሰፈሩ ባለሱቅም በገዛ ታክሱ ተሸነፈ። ምክር ቤቶቹ ኮንግረስን ለመኑ። ኮንግረስ ሕጋችሁ የተለያየ ነው ሲላቸው ብዙዎቹ የሽያጭ ታክስ ሕጋቸውን ተመሳሳይና ቀላል ለማድረግ ተስማምተው አስተካከሉ። እንደገና ለመኑ። በ2013 ሴኔቱ 69 ለ 27 አሳለፈላቸው። የተወካዮች ምክር ቤት ግን ለድምፅ እንኳ ሳያቀርበው ቀረ።

እሳቸው፦ ሃያ ዓመት ሙሉ ደጅ ጥናት።

እሷ፦ ከሃያም በላይ። ከዚያ ደቡብ ዳኮታ ተነሣች። ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን አይሞላም፤ የገቢ ግብር የላትም፣ የምትኖረው በሽያጭ ታክስ ነው። ምክር ቤቷ በ2016 በግዛቱ ውስጥ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ የሸጠ ወይም 200 ሽያጭ የፈጸመ ሁሉ ታክስ ይሰብስብ የሚል ሕግ አወጣ። ሕጉ የ1992ቱን ፍርድ እንደሚጋፋ እያወቁ ነው የጻፉት። ክርክሩ በፍጥነት ወደ ላይ እንዲሄድ፣ እስከዚያም ማንም ሻጭ ወደ ኋላ ተቆጥሮ እንዳይጠየቅ ጨምረው ጻፉበት። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ኬኔዲ ከአንድ ዓመት በፊት በሌላ መዝገብ ላይ ያ ፍርድ እንደገና መታየት አለበት ብለው ስለነበር ሕግ አውጪዎቹ የተዘረጋውን እጅ አይተዋል። ሰኔ 21 ቀን 2018 ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 ፈረደላቸው። ኮንግረስ ያልከፈተውን በር አንዲት ትንሽ ግዛት በሕግ አጻጻፍ ብልሃት ከፈተችው።

እሳቸው፦ የእናንተ ሰዎችስ ፍርድ ቤት ሄደው ያውቃሉ?

እሷ፦ በ2017 ምክር ቤታችን ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የገዥውን ፈቃድ ሳይጠይቅ የፌደራል መንግሥትን እንዲከስ በጋራ ውሳኔ ሥልጣን ሰጠው። ገዥው የሌላ ፓርቲ ሰው ስለነበሩ ፈቃድ መጠበቅ ማለት ዝም ማለት ነበር። እዚህም ቢሆን ሁሉም ክስ አይሠምርም። የቀድሞው የሜሪላንድ ምክር ቤት በ1818 የፌደራሉን ባንክ ቀረጥ እጥልበታለሁ ብሎ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የተረታበት ፍርድ ዛሬም እያንዳንዱ የሕግ ተማሪ የሚማረው ነው።

እሳቸው፦ እሺ፣ አሁን ስላለንበት ንገሪኝ። ዘንድሮ ፊትሽ ገርጥቷል። እናትሽም ትላለች።

እሷ፦ ፉድ ስታምፕ ነው፣ ጋሼ፤ ያ ለደሃ ቤተሰብ የሚሰጠው የምግብ ድጎማ። ከ1964ቱ ሕግ ጀምሮ ለሰው የሚሰጠውን ምግብ ሙሉ ወጪ የሚሸፍነው ፌደራሉ ነበር፤ የአስተዳደሩን ወጪ ግማሽ በግማሽ ስንካፈል ኖረናል። ሐምሌ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ትልቁ ሕግ ይህን ቀየረው። የአስተዳደሩን ወጪ 75 ከመቶ ግዛቶች ይከፍላሉ። ከጥቅምት 2027 ጀምሮ ደግሞ የስሕተት መጠኑ 6 ከመቶ የደረሰ ግዛት ከምግቡም ወጪ ይጋራል፤ እንደ ስሕተቱ መጠን 5፣ 10 ወይም 15 ከመቶ። የአገሪቱ አማካይ ስሕተት በ2024 ወደ 11 ከመቶ ነበር። አስበው ያውቃሉ? አማካዩ ግዛት ራሱ ከፍተኛውን ቅጣት ሊከፍል ነው።

እሳቸው፦ ስሕተት ማለት ስርቆት ነው?

እሷ፦ አይደለም! ሰው ሁሉ እንደዚያ ይመስለዋል፤ በዚህ ነው የማዝነው። ለአንድ ቤተሰብ ከሚገባው በላይ መስጠትም፣ ከሚገባው በታች መስጠትም እኩል ስሕተት ይባላል። አንዲት እናት ከሚገባት ብዙ ቢጎድልባት ግዛቱ ይቀጣል፤ ለእሷ ግን ማንም አልራራም።

እሳቸው፦ ምክር ቤቶቹ አልጮኹም?

እሷ፦ ጮኹ እንጂ። ትንሽም ተሰምቷል። የተወካዮች ምክር ቤት ያሳለፈው የመጀመሪያው ረቂቅ ሁሉንም ግዛት ቢያንስ 5 ከመቶ፣ ሲበዛ 25 ከመቶ ያስከፍል ነበር፤ ሴኔት ሲደርስ ወረደ። ግን ትልቁን ለውጥ ያመጣው የሃምሳው ምክር ቤት ወረቀት አይደለም። የአላስካ ስሕተት ከሁሉም የባሰ፣ ወደ 25 ከመቶ የሚጠጋ ነበር፤ የአላስካ ሴናተር ድምፅ ደግሞ ለሕጉ መጽደቅ ወሳኝ ነበር። ስለዚህ ስሕተታቸው እጅግ ከፍ ያለ ግዛቶች ክፍያው እንዲዘገይላቸው አንቀጽ ተጨመረ። ስሕተቱን ለመቀነስ ሲደክም የቆየው ግዛት ቀድሞ ይከፍላል፤ ብዙ የተሳሳተው ጊዜ ያገኛል። ይህን ሳነብ ጠረጴዛዬ ላይ አልቅሻለሁ።

እሳቸው፦ እና አንድ ሴናተር ከሃምሳ ምክር ቤት በለጠ።

እሷ፦ ያን ጊዜ በለጠ። ያ ማለት ግን ሁልጊዜ ነው ማለት አይደለም። የዚያው ሕግ ረቂቅ ውስጥ ግዛቶች ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለአሥር ዓመት ሕግ እንዳያወጡ የሚከለክል አንቀጽ ነበር። ከሃምሳውም ግዛት የተውጣጡ፣ ከሁለቱም ፓርቲ የሆኑ 260 የምክር ቤት አባላት ተቃውመው ደብዳቤ ጻፉ። ሴኔቱ ሐምሌ 1 ቀን 99 ለ 1 አውጥቶ ጣለው። እኔ ልዩነቱን ሳየው፣ የአስተውሎቱ ነገር ሕግ የማውጣት ሥልጣናችንን ራሱን የሚነጥቅ ስለነበር ሪፐብሊካኑም ዴሞክራቱም እኩል ተቆጣ። የምግቡ ነገር የደሃ ነገር ነው። ለደሃው ሲሆን ደብዳቤው ቀዝቃዛ ይሆናል።

እሳቸው፦ አሁን ምን እየሠራሽ ነው?

እሷ፦ ተወካያችን ዋሽንግተን ይዞት የሚሄድ አንድ ገጽ። ከአንድ ገጽ በላይ የሚያነብ የለም። በእያንዳንዱ የኮንግረስ ወረዳ ስንት ቤተሰብ ፉድ ስታምፕ እንደሚያገኝ፣ ስንት ሱቅ ካርዱን እንደሚቀበል፣ ግዛቱ ሲከፍል ከየትኛው በጀት እንደሚቀነስ። ቁጥሩን በወረዳ ስንሰጣቸው የራሳቸውን ሰዎች ያያሉ።

እሳቸው፦ ስሕተቱ ከየት እንደሚመጣ ጽፈሻል?

እሷ፦ ቢሮው ሠራተኛ ያንሰዋል፣ ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው ብያለሁ።

እሳቸው፦ አልጨረስሽውም። የታክሲና የኡበር ሹፌር ገቢ ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ? ቅጹ «የወር ገቢህ ስንት ነው» ይላል። የትኛው ወር? ኮንግረስ ሲዘጋ ከተማው ባዶ ነው፤ የቼሪ አበባ ሲፈነዳ ቱሪስቱ ይጎርፋል። ከገቢው ላይ ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ የመኪና ዕዳ ይነሣል። ያንን ሁሉ አንድ ሣጥን ውስጥ ጻፍ ይሉታል። ዋሽተህ ጻፍ አላሉትም፤ እውነቱ ግን ሣጥኑ ውስጥ አይገባም። ምግብ ቤት የምትሠራዋም፣ አረጋውያን የምትንከባከበዋም ያው ናት፤ ሰዓቷ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ቢሮው የዛሬ ሦስት ወር ባለው ቁጥር ይሰጣታል፣ ኦዲተር ሲመጣ ስሕተት ተገኘ ይባላል። ደመወዝተኛ የበዛበት ግዛት ስሕተቱ ያንሳል፤ እንደ እኛ ያለ ሠራተኛ የበዛበት ይበዛል። ቅጣቱ የሥራውን ዓይነት ነው የሚቀጣው።

እሷ፦ ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ጋሼ። ገጹ ላይ መግባት አለበት፤ በብርዱ ወራት ለኮሚቴያችንም ቢናገሩት እወዳለሁ። የምክር ቤታችን ጉባኤ ጥር ሁለተኛው ረቡዕ ይከፈታል፣ 90 ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። እንግዲህ እስክሪብቶ ይዣለሁ። ገቢዎ በጣም ከወረደበት ወር ይጀምሩልኝ፤ ምን ያህል አስገቡ፣ ለመኪናው ስንት ወጣ?

እሳቸው፦ ነሐሴ ጻፊ። ኮንግረስ እረፍት የሚወጣበት።